ስፖርት ነው፣ አዴ ዱረቲ

ነቀምት ላይ ክረምት ያላሳለፈ ሰው ስለ ብርድ ባያወራ ይሻላል። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ቀንም ይጥላል ሌሊትም ይጥላል፤ ባልጣለበት ሰዓት ጉሙ ወርዶ የጎረቤትን አጥር ከዓይን ይሰውራል። ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፣ ጭቃው ጫማ አይለቅም፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ከገባ እስከ መስከረም አይወጣም። እንግዲህ ዶክተሩ አሻግሬን አስቀምጦ «በየጠዋቱ አርባ ደቂቃ ፈጠን ብለው ካልሄዱ ይሄ ግፊት አንድ ቀን ይጥልዎታል» ያለው በዚህ ጊዜ ነው። እስከ በጋ ቢያቆይለት ምን ነበረበት።

አሻግሬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። የጎጃም ሰው ነው፤ ለሁለት ዓመት ብሎ የመጣባት ነቀምት ሠላሳ ሦስት ዓመት አስቀመጠችው። ሚስቱን ሸዋገነትን የቀበረውም እዚሁ ነው። በሚኖርበት ሰፈር በጨለለቂ ስሙን የሚጠራው የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም «በርሲሳ» ነው የሚለው፣ አስተማሪ ማለት ነው። ብቻውን መሄዱን ስለጠላ ሁለት ጓደኞቹን አግባባ። አንደኛው ኦቦ ሞረዳ ናቸው፤ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበርና የቸርች ሽማግሌ፣ ያሉት ነገር ሁሉ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው። ሌላው ኩማ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡ ሲታመም የተወ፣ አፉ ግን ያልታመመ ሹፌር።

የመጀመሪያው ቀን የሰኔ አጋማሽ ነበር፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ሦስቱም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ወጡ። ስፖርት በጋቢ አይሠራም ያላቸው የለም፤ ቢላቸውም በዚያ ብርድ አይሰሙትም። ዳገቱን ሲጨርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ። ኩማ ወገቡን ያዘ፣ ኦቦ ሞረዳ ፊት ለፊታቸው ያገኙትን አጥር ተደገፉ፣ አሻግሬ ልቡን አዳመጠ። ሦስት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከአንድ ቤት ደጅ ላይ ቃል ሳይተነፍሱ ቆሙ።

በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። መርዶ የሚመጣው እንደዚህ ነው። የሟቹ ቤተሰብ እንቅልፉን ይጨርስ፣ ሌሊቱ ይለፍለት ተብሎ ሽማግሌዎች ጎህ ላይ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ደጅ ላይ ይቆማሉ፤ የቤቱ ሰው ወጥቶ ሲያያቸው ያውቃል። ብዙ ጊዜ መናገር እንኳን አያስፈልግም።

የተደገፉት አጥር የአዴ ዱረቲ ነበር፤ አዴ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ዱረቲ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ገበያ ላይ ቅመም እየሸጠች ሌንጮ የሚባል አንድ ልጅ አሳድጋለች። ሌንጮ ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ወደ ምዕራብ ከወጣ ሰባት ወር ሆኖታል። ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም። በወር አንድ ጊዜ ዕቃ ሊገዛ ከተማ ሲወጣ ይደውላል፤ አንዳንዴ ወሩ ሁለት ይሆናል።

ያን ዕለት አመድ ልትደፋ በሩን ከፈተችና አየቻቸው። የያዘችው ቆርቆሮ ከእጇ ወደቀ። «ኢልማ ኮ» አለች፣ ልጄን ማለቷ ነው፤ ከዚያ በደረቷ ጭቃው ላይ ተደፋች።

ጉድ ፈላ። ኩማ «ስፖርት ነው፣ ኧረ ስፖርት ነው» እያለ ቢጮህ ማን ይስማው። ለቅሶው ሰፈሩን አዳርሶ፣ ከታች ያሉት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ዳገቱን ከወጡ በኋላ ነው ነገሩ የተጣራው። ከዚያ በኋላ በሦስቱ ላይ የወረደውን የስድብ መዓት አሻግሬ እስከ ዛሬ አይረሳውም። ባለጌ ተማሪ እንኳን እንደዚያ ተሰድቦ አያውቅም።

ቀትር ላይ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ዱረቲ ፊቷን ታጥባ፣ ጉንጯ ተጭሮ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። የእሷ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ አንቱ የሚባል ነገር የለውም፣ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ነው።

«በዚህ አትለፉ አልላችሁም» አለች። «መንገዱ የመንግሥት ነው። ግን ጋቢ የለበሰ ሰው ጠዋት በደጄ አይለፍ። ሲያልፍ ደግሞ ድምፅ ያሰማ። ዝም ብሎ የሚመጣ ሰው አልፈልግም።»

«እሺ» አሉ። ሌላ ምን ይላሉ።

በማግስቱ ጋቢው ቀረ። አሻግሬ ከሰልባጅ ተራ ጉልበቱ የሳሳ ቱታ ገዛ፤ ኩማ የሹፌርነት ዘመኑን የቆዳ ጃኬት አወጣ፤ ኦቦ ሞረዳ ለቸርች የሚለብሱትን ኮት በሹራብ ላይ ደረቡ። ብርዱ አንገታቸው ላይ ሲገባ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፤ ጋቢ ግን ማንም አላነሳም። ዱረቲ ደጅ ሲደርሱ አሻግሬ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስፖርት ነው፣ አዴ ዱረቲ» ይላል። እሷም ከመኝታዋ ሆና «ጋሪ ዳ፣ በርሲሳ፣ እለፉ» ትላለች። ደህና ነው፣ እለፉ።

ቀስ በቀስ ያ ጥሪ ሌላ ነገር ሆነላት። አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝታው «አንተ ስትጮህ እኔ መልሼ እተኛለሁ» አለችው። «ዛሬም ሌንጮ ደህና ነው ማለት ነዋ።» አሻግሬ እየሳቀ ሄደ፤ ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩን መልሶ አሰበው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ድምፁን የሚጠብቅ ሰው ነበረው እንዴ?

ሐምሌ ላይ እሷም ሐኪም ቤት ሄደች፤ ስኳር ተገኘባት። በመርፌው ላይ እንቅስቃሴ ጨምሪ አሏት። በማግስቱ አሻግሬ ደጇ ደርሶ አፉን ሊከፍት ሲል፣ እሷው በሩ ላይ ቆማለች። የሌንጮን ጥቁር ጃኬት እስከ አገጯ ቆልፋለች፤ ሸራ ጫማ አድርጋለች።

«ዛሬ አትጩህ» አለችው። «እኔም ስፖርት ነኝ።»

እሷ ከገባችበት በኋላ ሽማግሌ መሆን ቀረ። ኦቦ ሞረዳን ዳገት ላይ ትቀድማቸዋለች፤ ኩማን «መኪናህ ዛሬም ተበላሸ?» እያለች ታበሽቀዋለች። ባሕር ዛፎቹ ጥግ ያለው ሜዳ ሲደርሱ ከፊታቸው ትቆምና እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን ታደርጋቸዋለች። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር» እያለች ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከአፏ የሚወጣው እንፋሎት ጉሙ ውስጥ ይታያል። አሻግሬ ስንት ዓመት ተማሪ ሲያሰልፍ የኖረ ሰውዬ ለእሷ ቁጥር እጁን ያነሳል።

ሐምሌ ሊያልቅ አካባቢ አንድ ጠዋት ሲመለሱ ዝናቡ ወረደባቸው። ኦቦ ሞረዳና ኩማ ሮጠው ቀድመዋል፤ አሻግሬና ዱረቲ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠለሉ። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። እሷ ዝናቡን እያየች ቆየችና ተናገረች።

«በርሲሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ቀን ከመጣ፣ አይምጣና፣ ያን ቀን ጋቢህን ልበስ። ከሩቅ ልይህ።»

«ምን ማለትሽ ነው አዴ ዱረቲ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም።»

«ይነሳል። ባሌ የሞተ ጊዜ ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቷል ብለው ነው ከገበያ የጠሩኝ። ሾርባ ሠራሁ። በሳህን ከድኜ፣ እንዳይፈስ እየተጠነቀቅሁ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ይዤ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሾርባዬን ያያል። እነሱ ያውቃሉ፣ እኔ ብቻ አላውቅም። የሞተውስ ሞተ፣ ምን ይደረጋል። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ሾርባ ነው።»

አሻግሬ ወደ እሷ ዞረ።

«አንተ አታታልለኝ» አለች። «ሌላው ያታልል። አንተ አስተማሪ ነህ።»

«ጋቢዬን ለብሼ እመጣለሁ። ባላደርገው የሸዋገነት አጥንት ይፋረደኝ።»

የወንጌል አማኝ ናትና መሐላ አትወድም። «ቃልህ ይበቃኛል» አለችው።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማምሻውን፣ ኦቦ ሞረዳ ስልክ ደውለው «ቶሎ ና» አሉት። ድምፃቸው የእድር ድምፅ ነበር። ቤታቸው ሲደርስ ኩማ ቀድሞታል። ወንበር ላይ ጂሬኛ ተቀምጧል፤ ከሌንጮ ጋር ወርቅ ቁፋሮ የወጣው የሰፈር ልጅ። ከአውቶቡስ ወርዶ ቤቱ እንኳን ሳይገባ ነው በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ የመጣው። ሱሪው ላይ ያለው ጭቃ የነቀምት ጭቃ አልነበረም፤ ቢጫ ነው።

«ጉድጓዱ ዝናብ ጠጥቶ ኖሮ ተደረመሰ» አለ ጂሬኛ፣ ጫማውን እያየ። «አራት ነበርን። ሌንጮ ከታች ነበረ። አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። እዚያው ቀበርነው።»

አሻግሬ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቆጠረ። በነዚያ አሥራ አንድ ቀናት እሷ ከፊታቸው ቆማ አሥራ አንድ ጊዜ ቶኮ፣ ለማ ብላለች።

ኦቦ ሞረዳ ሁሉን ነገር አስበው ጨርሰው ነው የጠበቁት። የዱረቲ እኅት ያለችው አርጆ ነው፤ ተነግሯታል፣ ሌሊት መኪና ስለሌለ ግን የመጀመሪያውን ይዛ ብትመጣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳያልፍ አትደርስም። ዱረቲ ብቻዋን ናት፣ ስኳር አለባት። በዚያ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደጇ ቆማ ስፖርተኞቿን ትጠብቃለች። ካልመጡ ትጠረጥራለች።

«ስለዚህ እንደወትሮው ውሰዷት» አሉ ኦቦ ሞረዳ። «እኔ እቀራለሁ። እናንተ ሜዳው ድረስ ይዛችኋት ስትሄዱ ድንኳኑ ይተከላል፣ እኅቷ ትደርሳለች፣ ሰው ይሰበሰባል። ሆዷም ባዶ እንዳይሆን አንድ ነገር አቅምሷት። ከዚያ ሰው መሀል ትገባለች።»

«እኔ ጋቢዬን ለብሼ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ» አለ አሻግሬ፤ ቆርቆሮው ሥር የተባባሉትንም ነገራቸው። ስለ ሾርባውም ነገራቸው።

ኦቦ ሞረዳ እስኪጨርስ ጠበቁት። «በርሲሳ፣ ጋቢህን ለብሰህ ደጇ ላይ ብትቆም፣ እኅቷ ሳትደርስ፣ ስኳሯ ወርዶ እዚያው ጭቃ ላይ ብትቀር፣ ያንተ ቃል መልሶ ያስነሳታል? ሰኔ ላይ እኮ አይተናታል።»

ነገሩ እውነት ነበረበት። አሻግሬ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ዝምታው እሺ ተብሎ ተወሰደ። ሰው እውነቱን ከራሱ ይደብቃል እንጂ፣ የዚያን ዕለት አሻግሬን ያሸነፈው የኦቦ ሞረዳ ንግግር አይደለም። እሷ ስትሰማ የሚሆነውን ፊት ከማየቱ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ተጨማሪ ጊዜ በማግኘቱ ቀለል ብሎት ነበር። ፈሪ ሰው ምክንያት ካገኘ አይጠይቅም።

ጠዋት ጋቢውን ለበሰ። መስተዋት ፊት ቆሞ አየው። አወለቀና አጥፎ ፌስታል ውስጥ ከተተው፤ ቱታውን አጥልቆ ፌስታሉን በብብቱ ያዘ። መንገድ ላይ፣ ሜዳው ከመድረሳችን በፊት፣ ለብሼው እነግራታለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። ቃሌንም ጠበቅሁ ማለት ነው፣ ኦቦ ሞረዳም አላዘኑም ማለት ነው። ወጣ።

ካፊያ ነበር። ዱረቲ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን እያፋተገች ትጠብቃለች።

«አካም ቡልተ» አለችው፣ እንዴት አደርክ። «ዛሬ ሁለት ብቻ? ኦቦ ሞረዳስ?»

«ጉንፋን ይዟቸው» አለ አሻግሬ። ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣ።

«ኮታቸው ነው። እኔ ያ ኮት አይሆንም ብያለሁ። ይሄስ ምንድን ነው?» ፌስታሉን ማለቷ ነው።

«ልብስ ነው። ለልብስ ሰፊ የሚሰጥ።»

«ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነው በዚህ ሰዓት የሚከፍት» አለችና ስቃ ዳገቱን ተያያዘችው።

ያን ጠዋት ደስ ብሏት ነበር፤ ይህንን ነው አሻግሬ ለማንም መናገር ያልቻለው። ስኳሯ እንደወረደ በዋዜማው ሐኪም ቤት ነግረዋታል። ሌንጮ ከደወለ አምስት ሳምንት ሆኖታልና በዚህ ሳምንት መደወሉ አይቀርም። ሲደውል እናትህ ስፖርተኛ ሆናለች እለዋለሁ፣ አያምነኝም አለች። ጃኬቱን ስትነካካ ዚፑ ተበላሽቶ እንደነበርና በአሥር ብር እንዳሠራችው ነገረቻቸው፤ ሲመጣ ነጥቆ ይወስድብኛል አለች።

ኩማ ከኪሱ ብስኩት አወጣና «እንኪ» አላት።

«ዛሬ ምን ነካህ? አንተ ሰው ታበላለህ እንዴ?»

«ብይ ዝም ብለሽ።»

በላችው። ኩማ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞረ፤ ዓይኑን ሲጠርግ አየችውና «ብርድ ነው፣ አንገትህን ሸፍን» አለችው።

አሻግሬ መንገዱን ሁሉ ቦታ ሲመርጥ ሄደ። ያ ምሰሶ ጋ ስንደርስ። እሺ፣ ያ ድልድይ ጋ። ድልድዩ ላይ ባጃጅ አለፈ፤ ሰው ፊት እንዴት ይነገራል። ሜዳው ደረሱ። ዱረቲ እንደልማዷ ከፊታቸው ቆመች፣ ጃኬቱን ወደ ታች ሳበች፣ እጇን አነሳች።

«ቶኮ» አለች።

ሁለቱ ሰዎች እጃቸውን አነሱ።

«ለማ። በርሲሳ፣ ከፍ አድርግ እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው? ሰዲ። አፉር።»

ፌስታሉ እግሩ ሥር እርጥብ ሣር ላይ ነበር። አሻግሬ እጁን ወደ ላይ እያነሳ፣ ወደ ጎን እየዘረጋ፣ ሰፈሩን ያስባል። ይህን ጊዜ ድንኳኑ ተተክሏል። ይህን ጊዜ ኦቦ ሞረዳ ሰው እያስቀመጡ ነው። ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ የሌንጮ እናት ብቻ እዚህ ቆማ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ግን ሰው እጁን ሰማይ ላይ ዘርግቶ እያለ መርዶ እንዴት ይናገራል? ሲጨርሱ እነግራታለሁ አለ። ጨረሱ። «ዛሬ እንጨምር፣ ሁለተኛ ዙር» አለች፤ ጨመሩ።

ተመለሱ። የሰፈራቸው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበርና ሰማያዊው ድንኳን ታየ። ዱረቲ ቆመች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች። «ማታ ምንም አልሰማንም እኮ። የአሜን አባት ይሆን? ታሞ ነበር፤ ውይ፣ ምስኪን።»

እሷ መልስ አልጠበቀችም፤ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ ራሷ ላይ ጣል አደረገች። «በዚህ ጃኬት እንዴት ለቅሶ እገባለሁ? ቆይ ነጠላ ላምጣ» ብላ እርምጃዋን አፈጠነች። ለሰው ሐዘን ነው የቸኮለችው።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀርቷል። አሻግሬ ማድረግ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኋላዋ እየሄደ ፌስታሉን ከፈተና ጋቢውን ጎተተ። ጫፉ ጠፋበት። አንደኛው ትከሻው ላይ እንደጣለው ዱረቲ ዞር አለች፤ አንድ ነገር ልትለው ነበር።

አየችው። ጋቢውን አየች። ከዚያ ድንኳኑን አየች፤ በማን በር ላይ እንደተተከለ አሁን ግልጽ ሆኗል። እኅቷ በሩ ላይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆማለች።

አልጮኸችም። ሰኔ ላይ በባዶ ሜዳ የጮኸችው ሴት አሁን ድምፅ አላወጣችም።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችው።

«ማታ።»

«ማታ» አለች። «ቶኮ፣ ለማ ስል ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

ወደ ኩማ ዞረች። «ብስኩቱም ለዚህ ነበር።» ኩማ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

«በርሲሳ፣ የሾርባውን ነገር ነግሬህ ነበር እኮ» አለችው። አልተቆጣችም፤ የነገረችውን ረስቶ እንደሆነ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ፊቷን መልሳ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ ነጩ ጋቢ ሁሉ አንድ ላይ ተነሳ። እሷ በልጇ ጃኬት፣ በሸራ ጫማ፣ ደረቷ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ይዛ መሀላቸው ገባች። ጩኸቱ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ለቅሶው ላይ አሻግሬ ከእድርተኛው ጋር ሦስት ቀን ተቀመጠ። ዱረቲ ለገባው ለወጣው እጇን ትሰጣለች፤ እሱ ሲዘረጋ ግን እጇ ጉልበቷ ላይ ቀረ። ሰው እንዳያይበት የራሱን እጅ መልሶ ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ ገበያው አፉን ከፈተ። ልጇ ሞቶ ስፖርት ስትሠራ ተገኘች አሉ። ሜዳ ላይ ስትዘል አየናት አሉ። እያወቀች ነው ያለም አልጠፋ። ማን ለማን ያስረዳል። ዱረቲ ቅመም ወደምትሸጥበት ቦታ ለመመለስ ሁለት ወር ፈጀባት፤ ስትመለስም ከማንም ጋር አትጫወትም።

«ትረሳዋለች» ይላሉ ኦቦ ሞረዳ። «ደግ ነው ያደረግነው። ይኸው በሕይወት አለች አይደል?» አሻግሬ ከእሳቸው ጋር ስፖርት መውጣቱን ትቷል። ኩማ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ወገቤ ነው ብሎ ከቤቱ አልወጣም።

ጥቅምት ገባ። ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ጠራ፣ የጠዋቱ ብርድ ግን ባሰ፤ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ እግር ያቃጥላል። አሻግሬ ግፊቱ ጨምሯል ተብሎ ብቻውን መሄድ ጀመረ። ጋቢውን ለብሶ ነው የሚሄደው። ለምን እንደሚለብሰው ቢጠይቁት ብርድ ነው ይላል። በእሷ ደጅ ሲያልፍ አይጣራም፤ ጉሮሮውን ብቻ ጠርጎ እርምጃውን ቀነስ ያደርጋል። ከዚያ በር ሁለት ወር ሙሉ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ዱረቲ የአመድ ቆርቆሮዋን ይዛ ወጣች። የሌንጮን ጃኬት ለብሳለች፤ ዚፑ እስከ አገጯ ተቆልፏል። አሻግሬ ቆመ።

«በርሲሳ» አለች።

«አቤት።»

«ጋቢ ለብሰሃል።»

«ለብሻለሁ፣ አዴ ዱረቲ። በደጅሽ ጋቢ አይለፍ ብለሽ ነበር፣ አውቃለሁ። ልተወው ካልሽኝ እተወዋለሁ።»

አመዱን ከአጥሩ ሥር ደፋች፤ ቆርቆሮውን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

«ልበሰው» አለችው። «ብርድ ነው። ከእንግዲህ በጋቢ ብትመጣም ሞቱን የምትነግረኝ ሰው የለኝም።»

በሩን ዘጋች።